ትራክተር ያረሰው ሰማይ

ባለፈው ሰሞን አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ ንፋስ መውጫ ድረስ መጥታ ቤቴ ገባች። የእህቴ ልጅ ጓደኛ ናት፤ አዲስ አበባ ሥዕል ትማራለች። ጥግ ላይ አስደግፌ የረሳኋቸውን ሥዕሎቼን አንድ በአንድ እያዞረች ታይ ጀመር። አንዱ ላይ በሬ ጨረቃን ይጎትታል። ሌላው ላይ አያቴ ከአንገቱ በላይ ኮከብ ሆኖ ዳዊት ይደግማል። አንዷ ላይ ደግሞ የሰፈራችን ሰዎች አውድማቸውን ሰማይ ላይ ጥለው ከዋክብት ይወቃሉ። ልጅቱ አይታ አይታ መነጽሯን አወለቀችና፣ "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አፍሮ ሱሪያሊስት ነዎት" አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደነገጥኩ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሰምቶት የማያውቀው ስም ከተሰጠው ቶሎ ነው የሚቀበረው። አፍሮ ሲባል እኔ የማውቀው ጸጉር ነው፤ እሱም ጥሎኝ ከሄደ ቆይቷል። ልጅቱ ስቃ አስረዳችኝ። የአባት የእናቱን ወግ ከሰማዩና ከከዋክብቱ ጋር አደባልቆ፣ ሕልም አስመስሎ የሚሥል ጥቁር ሰው እንዲያ ይባላል አለች። ብዙ ተጽፎበታልም አለች። ከዚያ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀችኝ።

ምን ብዬ ልመልስ? ያስተማረኝ ፍርሃት ነው። ፍርሃት፣ የአንድ አዛውንት ዓይን፣ የታች ጋይንት ገደልና አንድ ከረጢት ሰማያዊ ቀለም። ረዘም ይላል፣ ቁጭ በይ አልኳት። እናንተም የቆማችሁ ካላችሁ ተቀመጡ።

ጊዜው የደርግ ነው። ሃያ ዓመት ሞልቶኛል፣ ዲያቆን ነኝ፣ ከአርብ ገበያ ግማሽ ሰዓት መንገድ ርቃ ባለች ደብር የኔታ ላቀው የሚባሉ ሠዓሊ እግር ሥር እማራለሁ። ተማሪ ነኝ ልበል እንጂ ሥራዬ ቀለም መፍጨት፣ ቆዳ ቀቅሎ ሙጫ ማውጣትና ስድብ መቀበል ነበር። በሦስተኛው ከሁለቱ ይልቅ ጎብዤ ነበር።

የኔታ የመቅደሱን ግድግዳ ዙሪያውን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥለውታል። መላእክቱ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ጻድቃኑ ተደርድረው፣ ሁሉም አልቆ ነበር። ከመላእክቱ ራስ በላይ ያለው ቦታ ብቻ ባዶውን ቀርቷል። ሰማይ መሆን የነበረበት እሱ ነው። ቀዩን ከአፈር እናወጣለን፣ ጥቁሩን ከጥላሸት፣ ነጩን ከኖራ። ሰማያዊ ግን በእኛ አገር መሬት ውስጥ የለም፤ ያለው ላይ ነው፣ እዚያ ደግሞ እጅ አይደርስም። ድሮ ነጋዴ ከሩቅ ያመጣው ነበር። በዚያ ዘመን ግን እንኳን ሰማያዊ ቀለም ጨውም በወረፋ ነበር።

ክፋቱ፣ የኔታ ዓይናቸውን ሞራ ጀመራቸው። በዓመት ውስጥ አንደኛው ጨርሶ ጠፋ፤ የቀረው ከስንዝር ራቅ ያለ ነገር አያሳያቸውም። እዚህ ላይ የእኛን የሥዕል ሕግ ልንገራችሁ፣ ኋላ ጉድ የሠራኝ እሱ ነውና። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ የሆነ ሁሉ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይን ይሰጠዋል። ኃጥእ ግን፣ ዲያብሎስም ይሁን ሄሮድስ፣ በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ይበቃዋል። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ግድግዳውን የሚያነበው በዚህ ነው። የኔታ አንድ ዓይናቸው የጠፋ ዕለት፣ "በገዛ ሕጌ ከኃጥአን ተቆጠርኩ" ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ሁለተኛው ሳይከደን ያን ሰማይ አልቆ ማየት ይፈልጋሉ። ሌላ ምኞት አልነበራቸውም። "መላእክቱን ቤት ሠርቼ ጣራ ከለከልኳቸው" ይሉ ነበር፣ ማታ ማታ ጸሎት ሲጨርሱ። እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር ወደ ውጪ ወጥቼ ያን ሁሉ በከንቱ የተዘረጋ ሰማያዊ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ አንድ እፍኝ ቢዘገን ምን ነበረበት እላለሁ።

እንዲህ እያለን ገበሬ ማኅበሩ አርብ ገበያ ላይ አዳራሽ ሠራ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ተገኘ ይባላል። ከአብዮቱ በፊት አያ ተገኘ ነበር፣ የእናቴ ጎረቤት። እኔ ሁለቱን ስሞች መለየት ስለተሳነኝ "ጓድ አያ ተገኘ" እለዋለሁ፣ እሱም አንዱን ምረጥ እያለ ይቆጣኛል። አንድ ቀን አስጠራኝና ከአውራጃ አራት ከረጢት የዱቄት ቀለም መጥቷል፣ የአዳራሹን ግድግዳ በአብዮታዊ ሥዕል ትሞላለህ አለኝ። በወሩ መጨረሻ ከአውራጃው ትልቅ ጓድ መጥቶ ይመርቀዋል። ትራክተር ሲያርስ ይሁን፣ ገበሬው ይደሰት፣ ሦስቱ ጢማሞች ከላይ ሆነው ይመልከቱ፣ ጸሐይዋ ቀይ ትሁን አለ። ጢማሞቹ እነዚያ በየቢሮው የሚለጠፉት የፈረንጅ ጓዶች ናቸው፤ ስማቸውን እሱም አጣርቶ አያውቅም።

ከረጢቶቹን ከፈትኩ። ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር። አራተኛውን ፈታሁ። ሰማያዊ ነው፤ እስከ አፉ የሞላ፣ እጄን ብነክረው እስከ ክርኔ የሚያሰምጥ ሰማያዊ።

"ይሄ ለምንድን ነው?" አልኩት ድምፄን አሳንሼ።

ጓድ ተገኘ እሱም አላወቀም። አብሮ መጣ እንጂ ሥዕሉስ ቀይ ነው አለኝ። ከዚያ ግራ ቀኙን አየና ሳል ሳል አደረገው። "ከተረፈህ እንግዲህ..." አለ፣ "እኔ አላየሁም።" እሱም ክርስትና የተነሣው እዚያችው ደብር ነበር።

የኔታ ዘንድ እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አላመኑም። በጨርቅ ጫፍ ቋጥሬ የወሰድኩላቸውን ቁንጥር ለቀረችው ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያ ጭንቅላቴ ላይ እጃቸውን ጭነው መረቁኝ፤ በሰባት ዓመት ተማሪነቴ የመጀመሪያው ምርቃት ነበር። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እንደምን አደርክ ማለት ተዉ። ጠዋት ስገባ፣ "ሰማያዊው ደኅና ነው?" ይሉኛል፣ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው። እኔም ደኅና ነው የኔታ እላለሁ።

እስከ መጀመሪያው ሳምንት ድረስ እውነት ነበር።

ሥራውን በትራክተሩ ጀመርኩ። ችግሩ ትራክተር አይቼ አላውቅም። ከመላው ማኅበርተኛ ያየው ጓድ ተገኘ ብቻ ነው፤ እሱም ሑመራ ሰሊጥ አጨዳ በሄደበት ዘመን፣ ከሩቅ፣ በአቧራ ውስጥ። ፊቱ አነስ፣ ኋላው ገዘፍ ያለ ነው አለኝ። ያጓራል። ጭስ የሚያወጣው ከግንባሩ በቆመ እንደ ቀንድ ባለ ነገር ነው። እግሩ ክብ ነው። እኔ እንግዲህ ፊቱ ያነሰ፣ ኋላው የገዘፈ፣ የሚያጓራና ቀንድ ያለው ነገር አንድ ብቻ ነው የማውቀው። በሬ ሠራሁና እግሮቹን በመንኮራኩር ለወጥኩለት። ጓድ ተገኘ ራቅ ብሎ ቆሞ ዓይኑን አጨንቁሮ አየው። በአቧራው ውስጥ ያየሁት ይህንኑ ይመስላል ብሎ አጸደቀልኝ።

ቀጥሎ የሚታረሰው መሬት መጣ። ታች ጋይንትን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እርሻችን ገደል ላይ የተለጠፈ ነው፣ ገበሬው ሲያርስ በአንድ እጁ እርፍ በሌላው ቁጥቋጦ ይይዛል። ማሳውን እንዳለ ሠራሁና ትራክተሩን ሳስቀምጠው ወደ ገደሉ ሊንከባለል ሆነ። ወደ ላይ አነሣሁት፣ አሁንም ተንጋደደ። ወደ ግራ ወሰድኩት፣ እዚያ ደግሞ ሸለቆው አለ። ሜዳ እንዳልሠራ ሰው ይስቅብኛል፤ የእኛ ሰው የራሱን ገደል ያውቃል። ሁለት ቀን አስቤ አስቤ፣ በወረዳችን ለትራክተር የሚበቃ ሜዳ ያለው አንድ ቦታ ብቻ መሆኑ ገባኝ። ሰማይ ላይ ወሰድኩት።

ሰማይ ደግሞ በቀይ አይሠራም። አንድ እፍኝ ብቻ ብዬ ከረጢቱን ፈታሁ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስናገር እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ሰማይ አንዴ ከተጀመረ አያልቅም። ትራክተሩ ሰማይ ላይ ካረሰ ትልሙ ውስጥ ምን ይዘራል? ኮከብ። የዘራውን ማን ያጭዳል? አያቴን ሣልኩት፣ ማጭድ እንደያዘ። አያቴ ብቻውን እንዳይሆን ጎረቤቶቹን ጨመርኩ። በክፉው ቀን ያለፉብንን ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ አስታውሼ እዚያ አቆምኳቸው፤ እዚህ ምድር አውድማቸው ባዶ የቀረባቸውን እዚያ ሰፊ አውድማ ሰጠኋቸው። በመንሽ ይበትናሉ፣ ገለባው ወደ ላይ ይወጣና ፍኖተ ሐሊብ፣ ያ ነጭ የከዋክብት መንገድ፣ ይሆናል። የእኛ መጻሕፍት የመላእክት ከተሞች ኢዮር፣ ራማ፣ ኤረር ተደራርበው ይኖራሉ ስለሚሉ እነሱንም ሦስት ፎቅ አድርጌ ሠራሁ። ለእያንዳንዱ ፎቅ አንድ እፍኝ፣ አንድ እፍኝ ብቻ። በሕይወቴ እንደነዚያ ሳምንታት ደስ ብሎኝ አያውቅም። በልቼ መዋል አለመዋሌን አላስታውስም።

ጠዋት የኔታ ሰማያዊው ደኅና ነው ይሉኛል። ደኅና ነው የኔታ። ግማሹ ሄዷል፣ ደኅና ነው። ሩቡ ቀርቷል፣ ደኅና ነው። የሰከረ ሰው በሬውን ሽጦ ሲጠጣ ጭራው ላይ እንደሚነቃ፣ እኔም አንድ ቀን እጄን ብሰድ ከረጢቱ ጨርቅ ሆነብኝ። አራግፌ የቀረችውን የተጠቀምኩባት የኔታን ራሳቸውን ለመሣል ነው። ከኢዮር አጠገብ፣ ብሩሽ እንደያዙ፣ ፊት ለፊት፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሰጥቼ ሣልኳቸው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ግድግዳውን ሳየው፣ የአንድ ሽማግሌ ሰማይ ሰርቄ እዚያ እንደለጠፍኩት ገባኝ። አለቀስኩ።

ያም ሆኖ ሥራው አላለቀም፤ ጢማሞቹ ቀርተዋል። ልቤ ሌላ ቦታ ስለነበር ከቢሮው ወረቀት ላይ እጄ እንዳየ ገለበጥኳቸው። ወረቀቱ ላይ ሦስቱም በጎን ተደርድረው አንድ አቅጣጫ ያያሉ። ነጩን ቀለም ሁሉ ጢማቸው ላይ አፈሰስኩት። ከሥራቸው የቆሙትን ገበሬዎች ግን በለመደው እጄ ፊት ለፊት፣ ባለ ሁለት ዓይን አድርጌ ጨረስኳቸው።

ከምረቃው በፊት በነበረው ቀን አዳራሹ ጎን ጠላ የምትሸጠው እትዬ ጥሩነሽ ብቅ አለች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከዳር እስከ ዳር አየችና ጢማሞቹ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"እነዚህ ሦስቱ ምን በድለው ነው?" አለች።

ጓድ ተገኘ አጠገቧ ነበር። እሱም አየ። አንድ ዓይን፣ አንድ ዓይን፣ አንድ ዓይን። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። ገበሬው ሁለት ሁለት ዓይን ይዞ ከጻድቃን ተሰልፏል፣ የአብዮቱ አባቶች ከሄሮድስ ወገን ሆነዋል፣ አውራጃው ደግሞ ነገ ይመጣል። ጓድ ተገኘ "አንተ ልጅ፣ ልጆቼን አትበትን" አለኝ። ደምስሼ እንዳልሠራቸው ነጩ አልቋል። ያለኝ ጥቁር ብቻ ነው፤ በጥቁር የሚሠራው ደግሞ ዓይን ነው። ለእያንዳንዳቸው በጉንጫቸው ላይ፣ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ፣ አንድ ተጨማሪ ዓይን ጨመርኩላቸው። እትዬ ጥሩነሽ አሁን ደኅና ሆኑ ብላ ሄደች።

በማግስቱ ጂፑ እያጓራ ደረሰ። ከአውራጃ የመጣው ጓድ ወጣት ነው፣ ውጭ አገር ተምሯል ይባላል። ገብቶ ግድግዳው ፊት ቆመ። ማን እንደሠራው ሲጠይቅ ሕዝቡ ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ እኔ ሳልንቀሳቀስ ከፊት ቀረሁ። ያ በሬ ምንድን ነው አለኝ። ትራክተር ነው አልኩ። ቀንድ አለው አለ። ጭሱ የሚወጣበት ነው አልኩ።

"ለምን ሰማይ ላይ ወጣ?"

"ጓድ፣ ምድሩ ገደል ነው።"

ዞር ብሎ በበሩ በኩል ወደ ውጪ አየ። ገደሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ወደ ጢማሞቹ መጣና ጉንጫቸው ላይ ያለውን ዓይን በጣቱ እየጠቆመ ይሄስ አለ። ከኋላ እትዬ ጥሩነሽ ልታድነኝ ብላ፣ ትናንት አንድ አንድ እንደነበራቸው፣ ኃጥአን መስለው ሰዉን እንዳስቀየሙ፣ ለእርሱ ክብር ሲባል ሁለተኛው እንደተጨመረና አሁን ጻድቃን እንደሆኑ አንድም ሳታስቀር አስረዳችው።

ጓዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ከንዴት ነው ያሉ አሉ፣ ከሳቅ ነው ያሉም አሉ። ሲዞር ግን ፊቱ ድንጋይ ነበር። ወደ ወገዳ እያለፍኩ ነው፣ በአራተኛው ቀን እመለሳለሁ አለ። እስከዚያ ይህን በራስህ እጅ ፍቀህ፣ ጭቃው እስኪታይ ድረስ አጽዳው፤ አንዲት ጠብታ ቀለም ባገኝ አንተም ሊቀ መንበሩም ከእኔ ጋር ንፋስ መውጫ ትሄዳላችሁ አለኝ። ያን ጊዜ ንፋስ መውጫ እንደ ዛሬው ቤቴ አልነበረም፤ መሄድ ማለት እስር ቤት ማለት ነበር።

እኔን ግን ከዚያ በላይ ያስጨነቀኝ የግማሽ ሰዓቷ መንገድ ናት። የኔታ ደጃፍ ደርሼ ሰማያዊው ደኅና ነው ብለው ሳይጠይቁኝ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ትራክተሩን፣ አያቴን፣ ሦስቱን ፎቅ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አንድ እፍኝ እንኳ አላስቀረሁም አልኳቸው። የኔታ አልተቆጡም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ነገር ጠየቁኝ።

"በምን ለወስከው?"

በሙጫ አልኩ። በቆዳ ሙጫ፣ እርስዎ እንዳስተማሩኝ።

"ዘይት አልነካውም?"

"ዘይት ከየት አባቴ አምጥቼ?"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሃል? በውሃ የተለወሰ በውሃ ይለቃል" አሉና ዘንጋቸውን ፈለጉ። "ና ምራኝ። መጀመሪያ የሰረቅኸኝን ልየው።"

እየመራሁ አዳራሹ አደረስኳቸው። አፍንጫቸውን ከግድግዳው አስጠግተው በቀረችው ዓይናቸው ስንዝር በስንዝር ያነቡት ጀመር። ጠዋት የገቡ ከሰዓት በኋላም እዚያው ናቸው። በርጩማ ላይ ቆመው፣ እኔ እግራቸውን ይዤ። ራማን ከኤረር በታች አድርገኸዋል፣ ደንቆሮ አሉኝ። አያትህ በግራ እጁ አልነበረም የሚያጭደው? አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ ረስቼው ነበር። በድርቁ የሞቱትን ሰዎች በየስማቸው እየጠሩ ነፍስ ይማር አሉ። በመጨረሻ ራሳቸው ጋ ደረሱ።

"ይሄ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት፣ የኔታ።"

"ዓይኔን እንዲህ ያፈጠጥከው ምን አሳይተኸኝ ነው?"

ሰማዩን ነው አልኳቸው። ግንባራቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ቆዩ። ከዚያ ወረዱና እኔን አስቀድመህ ፋቀኝ አሉ፤ ባለቤቱ ሳይነካ ሌላው ቢነካ ነውር ነው።

የመንግሥትን ትእዛዝ እንደኛ በትጋት የፈጸመ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም። እርጥብ ጨርቅ እናሳርፋለን፣ ሙጫው ሲለቅ በቢላ ጫፍ እንልጣለን፣ ጨርቁን ጋን ውስጥ እንጨምቃለን። ሰማያዊው ለብቻ፣ የጢሙ ነጭ ለብቻ። እትዬ ጥሩነሽ ሦስት የጠላ ጋን አዋሰችን። ጓድ ተገኘ በር ላይ ቆሞ ትእዛዙ በጥብቅ መፈጸሙን ይከታተላል። "አንዲት ጠብታ እንዳትቀር ተብሏል" ይላል ጮክ ብሎ፣ "መሬት የወደቀውንም ጥረጉና ከፊቴ አጥፉልኝ።" ጋኖቹን በአህያ ወደ ደብሩ ያስጫነው ራሱ ነው፤ ስለምንነታቸው ሲጠየቅ ቆሻሻ ነው ይል ነበር። በአራተኛው ቀን ጓዱ ሲመለስ ግድግዳው ጭቃ ብቻ ነው። በጣቱ ዳሰሰው፣ ጣቱን አየ፣ ቀለሙ የት ገባ አለ። ጓድ ተገኘ ጠፋ ጓድ አለው። ጓዱ መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ ያ ትራክተር ግን ያሳዝናል አለ አሉ። እኔ አልሰማሁም።

ጋኖቹን አስቀምጠን አጠለልናቸው። ውሃው ከላይ ጠራ፣ ቀለሙ ከሥር ተኛ። ችግሩ የግድግዳው ጭቃም አብሮ ተኝቷል። የቱንም ያህል ብናጠልለው አልለይ አለ። አዲስ ሙጫ አፍልቼ ለወስኩትና መቅደሱ ላይ፣ ከመላእክቱ ራስ በላይ ቀባሁት። የጢሙን ነጭ በመሃሉ አቋርጬ ፍኖተ ሐሊብ አደረግኩት። እስከ ዛሬ የደብራችን ሰው ያን ሲያይ ያማትባል፤ ከማን አገጭ እንደመጣ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

በዚያ መሃል የየኔታ ዓይን ተከደነ። ሰማዩ ሊያልቅ አንድ ክንድ ሲቀረው። መሰላሉ ላይ ሆኜ ከታች ቆመው ቀና ሲሉ አየኋቸው፣ ግን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ነው ቀና ያሉት። ያን ጊዜ ገባኝ። ያን ያህል አፍሬና አዝኜ አላውቅም። የበላሁት ቀለም ብቻ አልነበረም፣ ሳምንታቱንም ነበር።

ደግፌ መሰላሉን አወጣኋቸው። ጣታቸውን ነጩ ውስጥ ነከርኩላቸውና የመጨረሻዋን ኮከብ እሳቸው አሳረፉ። ጣታቸው ግድግዳው ላይ እንዳለ ምን መልክ አለው አሉኝ። ሰማያዊ ነው የኔታ አልኩ።

"ስትዋሽ ድምፅህ ይቀጥናል" አሉ።

እውነቱን ነገርኳቸው። አቧራ ገብቶበታል አልኩ። በበጋ ከሰዓት፣ መውቂያ ላይ፣ ገለባ ተበትኖ ሰማዩ የሚመስለውን ይመስላል። የኔታ አሰቡበት። ከዚያ ፈገግ አሉ።

"እሱንማ አውቀዋለሁ፤ የእኛው ነው" አሉ። "ባትነግረኝም ስንት ዘመን አይቼዋለሁ።"

ልጅቱ ይህን ሰምታ ሥዕሎቹን እንደገና አየችና ሰማዩ ሁሉ ለምን እንደደፈረሰ አሁን ገባኝ አለች። እውነቷን ነው። ዛሬ ሰማያዊ ቀለም በየሱቁ በቆርቆሮ ሞልቷል፤ እኔ ግን ቁንጥር ጭቃ ጣል ካላደረግኩበት ሰማይ አይመስለኝም። ሌላ ትምህርት የለኝም።

የኔታ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖሩ። ጠዋት ጠዋት ስገባ ጥያቄያቸው ያው ነበር፤ ሰማያዊው ደኅና ነው? እኔም ደኅና ነው የኔታ እላለሁ። ድምፄ አልቀጠነም ነበርና ምንም አላሉኝም። አሁንም በዓመት አንድ ጊዜ አርብ ገበያ ወርጄ ወደ ደብሩ እሻገራለሁ። መቅደሱን ዞሬ፣ ማንም አለመኖሩን አይቼ፣ ቀና እላለሁ። አቧራው እንዳለ ነው፣ ኮከቧም እንዳለች ናት። ደኅና ነው፣ የኔታ።